ሹራብ የለበሰ ፍሪጅ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ፍሪጃችሁ የት ነው የተቀመጠው? ሳሎን፣ አይደል? ከሶፋውና ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ እንግዳ ገና በሩን ሲያልፍ ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ። አትፈሩ፣ የኔም እዚያው ነው። ወጥ ቤት አለን፤ ግን ያን ያህል ገንዘብ የወጣበትን ዕቃ ማን ወስዶ ከሽንኩርትና ከከሰል ጋር ያስቀምጠዋል? ፍሪጅ እኛ ዘንድ ሥጋና ቅቤ ማቀዝቀዣ ብቻ አይደለም። ሰውየው ደህና መሥራቱን፣ ሴትየዋ ደህና መያዟን የሚመሰክር ነው። ስለዚህ ሳሎን ይቆማል። በሩ ላይ ተለጥፎ የመጣው ላስቲክ አይላጥም። አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ይወጣል። ከዚያ ደግሞ ልብስ ይለብሳል። አዎ፣ ልብስ። የሶፋ ልብስ አለ፣ የቴሌቪዥን ልብስ አለ፣ ፍሪጁ ምን በደለ?

ይኼንን ልብስ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

አምቦ የመጣሁት በሥራ ነው። ከደሴ ወደ ዞኑ መሥሪያ ቤት ተመድቤ መጣሁ፤ ትንሽ ሠርቼ እዛወራለሁ ብዬ ነበር። ሌንሴን አገኘኋትና መዛወሩ ቀረ። ሌንሴ የጉደር ልጅ ናት። ጉደር ማለት ከአምቦ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ፣ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር የጀመራችሁትን ወሬ ሳትጨርሱ የምትደርሱበት ከተማ ነው። እናቷ አዴ ጫልቱ እዚያው ይኖራሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ እንዳታሙብኝ። ግን ልጃቸውን የሚያገባው የሠፈራቸው ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ልጅ፣ ኦሮምኛው የማይደነቃቀፍ ልጅ ይሆናል ብለው ሲጠብቁ እኔ መጣሁ። ከሦስቱ አንዱንም አላሟላሁም። "አካም ጅርቱ" ስላቸው በጨዋ ደንብ ይመልሱልኛል። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሌንሴ ያዞሩና "ባልሽ ይብላ" ይሏታል። እኔ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጬ! ስሜን ጠርተውት አያውቁም። የሌንሴ ባል ነበርኩ፣ በቃ።

እሳቸውም ፍሪጅ አላቸው። የሳቸው ግን ወጥ ቤት ነው የሚቆመው፣ ከእህል ጆንያው ጎን። ትከሻው ክብ፣ ነጭ የነበረ አሁን ግን ጭስ ጠጥቶ ቅቤ የመሰለ፣ በሩ ሲዘጋ የጭነት መኪና በር የተዘጋ የሚመስል አሮጌ ፍሪጅ። ባለቤታቸው ኦቦ ዲንሳ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው የገዙት። እኔ በሄድኩ ቁጥር አዴ ጫልቱ ወደ ወጥ ቤቱ በአገጫቸው እያመለከቱ ለሌንሴ ይነግሯታል። ያ ፍሪጅ የሠሪ እጅ አያውቅም። መብራት ይሄዳል፣ መብራት ይመጣል፣ እሱ ግን እዚያው ነው። ይኼን ብለው እኔን ያዩኛል። ዕቃ የሚገዛ ወንድ ማለት እንደዚያ ያለ ነው ማለታቸው እንደሆነ ይገባኛል። እኔ በጓሮ በር በኩል ዶሮዎቻቸውን አያለሁ። ዶሮዎቹ ዝገት የበላው አንድ የብረት ሣጥን ውስጥ ነበር የሚጥሉት።

ታዲያ ዕቁብ ሲደርሰኝ ምን የገዛሁ ይመስላችኋል? ፍሪጅ። ያውም ባለ ሁለት በር፣ ቁመቱ ከኔ የሚበልጥ፣ ፊቱ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ በሩ ላይ ቁጥር የሚበራበት። ከሱቁ እስከ ቤት በባጃጅ አይሆንም፣ አይሱዙ ነው የጫነው። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ እንኳን ደስ አላችሁ አለ። አዴ ጫልቱም ሊያዩ ከጉደር መጡ። ዞሩት። ከፈቱት፣ ዘጉት። ጎኑን በጣታቸው አንኳኩና "ቀላል ነው" አሉ። ከዚያ ከቀሚሳቸው ኪስ ሲባጎ አውጥተው ከላይ እስከ ታች፣ ከጎን እስከ ጎን ለኩት። እኔ ምን አስቤ ነበር መሰላችሁ? የሚያጣጥሉበት ሌላ ነገር እየፈለጉ ነው ብዬ ነበር። ተናድጄ በረንዳ ወጣሁ።

ክረምት ሲቃረብ ተመልሰው መጡ፣ ትልቅ ፌስታል ይዘው። ውስጡ የፍሪጅ ልብስ ነበር። ወፍራም የሱፍ ክር፣ ቀይና ነጭ፣ በእናቶች ጸሎት ኅብረት እየተቀመጡ በእጃቸው የሠሩት። ከውስጥ በኩል የብርድ ልብስ ጨርቅ ገበር ሰፍተውለታል። አናቱን፣ ሁለት ጎኑንና ጀርባውን ይሸፍናል፤ በሩ ብቻ ነው ክፍት። ራሳቸው አለበሱት። ጥብጣቡን አሠሩ፣ ወደ ኋላ ራቅ ብለው አዩት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ወደ ሌንሴ አይደለም፣ ወደ እኔ።

"ኢልማ ኮ፣ እንኳን ደስ አለህ" አሉኝ።

ኢልማ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው። ደነገጥኩ። እንባዬ መጣ፣ ምን አስዋሸኝ። መኝታ ቤት ገብቼ ፊቴን ጠራርጌ ወጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉደር ስንሄድ የዶሮው ብልት ለኔ ይወጣ ጀመር። ስልክ ሲደውሉ "ኢልማ ኮ ደህና ነው?" ይላሉ። ያ የሱፍ ልብስ ለኔ የፍሪጅ ልብስ አልነበረም፤ የአማቴ ይሁንታ ነበር።

እና አንድ ጠዋት ፍሪጁ ሞተ።

ዓመቱን እንኳ አልደፈነም። ሌንሴ እርጎ ልታወጣ ከፈተችው፣ ሽታው ተቀበላት። ቅቤው ቀልጦ መሬት ላይ ወርዷል። ድምፅ የለውም። ሠሪ ጠራን። ጀርባውን ፈትቶ አየና ሞተሩ ተቃጥሏል አለን። ስንት ይፈጃል አልነው። ሞተሩ፣ ጋዙ፣ የእጁ ዋጋ ብሎ ደመረና ነገረን። ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። ትንሽ ብጨምርበት ሌላ አዲስ እኮ እገዛለሁ! ደግሞ ይባስ ብሎ አጽናናኝ። እንኳን ሞተሩ ሆነ አለኝ፤ የነዚህ የአዳዲሶቹ ቧንቧ ግድግዳው ውስጥ ስለተቀበረ እሱ ቢቀደድ ኖሮ ለቁም ሣጥንነት ነበር የሚቀረው። አሮጌዎቹ ሁሉ ነገራቸው ከውጭ ነው፣ በትንሽ ወጪ ይጠገናሉ፣ እነዚህ ግን ሰው እንዳይነካቸው ተደርገው ነው የተሠሩት አለ። የቤቱን በር ሳይዘጋው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ምን ሆንኩ? ሰባኪ ሆንኩ። የአሮጌ ፍሪጅ ሰባኪ። ቢሮ ውስጥ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። የዛሬ ብረት ብረት አይደለም፣ የዛሬ ዕቃ ዕቃ አይደለም እያልኩ። ሰውም እኮ ይጨምርልኛል። አንድ የወሊሶ መንገድ ሾፌር ያጫወተኝን ስሙማ። ወንጪ ሐይቅ ዳር ሻይ ለምትሸጥ ሴት አንድ አሮጌ ትንሽ ፍሪጅ በፈረስ ተጭኖ ሲወርድ ገመዱ ይበጠሳል። ፍሪጁ ቁልቁል ተንከባለለ፣ ተንከባለለ፣ አንድ ግራር ይዞ አስቀረው። አንስተው ሰኩት፣ ሠራ። ፈረሱ ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አልወርድም ብሏል አለኝ። ግራሩ እዚያ ስለመኖሩ አላጣራሁም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ደግሞ በዋስትናው ዘመን የሞተ አዲስ ፍሪጁን መጽሐፍ መደርደሪያ አድርጎታል። አይጥ አይገባበትም ይላል። ቤቱ ሄጄ አይቻለሁ፤ የዲግሪው ወረቀት እንቁላል ማስቀመጫው ላይ ነው ያለው። በሁሉም ነገር ግን አማቴ እውነታቸውን እንደነበረ ገባኝ። ያ የጭስ ልጅ ጉደር ላይ እንደ ኮርማ ያጓራል፤ የኔው ባለ መስታወት ሬሳ ሆኖ ሳሎን ቆሟል፣ ሱፉን እንደለበሰ።

ሱቁ ሄድኩ። ዋስትና አለው ብዬ። ባለሱቁ ወጣት ነው፣ አፉ ጤፍ ይቆላል። ዋስትናው የፋብሪካ ስህተት ሲሆን ነው፤ ያንተን ያቃጠለው መብራት ነው አለኝ። የኛን መብራት ማን አይጠረጥርም? ግን አልተዋጠልኝም። አጭበርባሪ ነው ብዬ ለግማሽ አምቦ አወራሁ። ቢሮ ያሉት ንግድ ጽሕፈት ቤት ክሰሰው አሉኝ። እኔ ግን ምን አደረግኩ? ሽማግሌ ላክሁ።

አትሳቁ። እዚህ አገር ድንበር ቢገፋ ሽማግሌ ነው፣ ሚስት ብትኮርፍ ሽማግሌ ነው፣ ላም እህል ብትገባ ሽማግሌ ነው። ፍሪጅ ለምን ይለያል ብዬ ነው። የሌንሴ አጎት፣ የአማቴ ታናሽ ወንድም፣ ኦቦ ቶላሳ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። እሳቸውም በፍሪጅ ጉዳይ ተቀምጬ አላውቅም ብለው ትንሽ አሰቡና ሁለት ሽማግሌ ጨምረው መጡ።

ዝናብ ነበር፣ ከነብርዱ። ሱቁ ውስጥ ወንበር ተደረደረልን። ኦቦ ቶላሳ ተነስተው መረቁ። ቤቱ ይባረክ፣ ንግዱ ይባረክ፣ ክፉ ቃል ይራቅ ሲሉ እኛ "ሃ ታኡ"፣ ማለትም ይሁን፣ እንላለን፤ ብረት ድስት ልትገዛ የመጣች ሴትም ቆማ "ሃ ታኡ" አለች። ከዚያ ከመጀመሪያው ንገሩን ተባለ። ፍሪጁ ቤትህ ሲገባ ጤነኛ ነበር? ነበር። በመካከሉ ያየኸው ጉድለት አለ? የለም። የባልና ሚስት ጉዳይ የሚያዩ ነበር የሚመስሉት። ባለሱቁም ተጠየቀ፣ መብራት ነው አለ። እኔም በተራዬ አጭበርባሪ ነው አልኩ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደ እኔ ማዘንበላቸውን አየሁና ደስ አለኝ።

ኦቦ ቶላሳ ብርዱ ጠንቶባቸው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረጉ። እዚያ ለእይታ በርቶ የቆመ ፍሪጅ ነበር፣ የኔው ዓይነት። ጀርባቸውን ጎኑ ላይ አስደገፉና ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። አፍታም ሳይቆዩ ዘወር ብለው በመዳፋቸው ዳበሱት።

"ይኼ ለምንድነው የሚሞቀው?" አሉ።

ባለሱቁ ሳቀ። አዲሶቹ ሙቀታቸውን የሚያወጡት በጎናቸው ነው አለ፤ ቧንቧው እዚያ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ከግድግዳ ራቅ የሚደረገው። ከሁሉ በላይ ጎኑ ላይ ጨርቅ አይጣልበትም፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ሞተሩ ይቃጠላል። ይኼን ብሎ ድንገት ወደ እኔ ዞረ።

"ወንድሜ፣ ያንተ ፍሪጅ ልብስ አለው እንዴ?"

እዚያ ጋ ነው የደነገጥኩት። ሠሪው ዋጋ ሲነግረኝ የደነገጥኩት ድንጋጤ አልነበረም ለካ። የሱፍ ልብስ። የብርድ ልብስ ገበር። በክረምት። ሁለቱን ጎን፣ ጀርባውን ጭምር። ኦቦ ቶላሳን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። ያንን ቀይ ክር ከአዲስ አበባ ገዝተው ለአዴ ጫልቱ ያመጡላቸው እሳቸው ናቸው!

እንግዲህ ምን ልበል? የለውም ብል ይኼን ልጅ ያላጠፋውን ላስከፍለው ነው። አማቴ አልብሰውት ነው ብል፣ በወንድማቸውና በአገር ሽማግሌ ፊት፣ ድስት ልትገዛ በመጣች ሴት ፊት፣ አዴ ጫልቱ ፍሪጅ ገደሉ ይባላል። እስከ ማታ ጉደር ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ማን "ኢልማ ኮ" ይለኛል?

"አለው። ያለበስኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ወጣ በሉ ተባልን፣ ሽማግሌዎቹ መከሩ፣ ግቡ ተባልን። ፍርዱ አጭር ነበር። የማሠሪያውን እኔ እችላለሁ። ባለሱቁ ሞተሩን በመጣበት ዋጋ ይሰጠኛል። እኔ ደግሞ ስሙን ስላጠፋሁ እርጥብ ሣር ይዤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ከሳሽ ሆኜ ገብቼ ተከሳሽ ሆኜ ቀረሁ እላችኋለሁ። በዝናብ ከቦይ ዳር ሣር ነጨሁ። ባለሱቁ ሣሩን በሁለት እጁ ተቀብሎ አቀፈኝ። ስንወጣ ኦቦ ቶላሳ ስለ ልብሱ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ዣንጥላቸውን ብቻ ወደ እኔ ጠጋ አደረጉልኝ፤ የሳቸው ትከሻ እስኪረጥብ ድረስ።

ፍሪጁ ተሠራ። ልብሱን አጥፈን ቁም ሣጥን ከተትን። ለሌንሴ ስነግራት ሶፋው ላይ እስክትወድቅ ሳቀች። ከዚያ ድንገት ኮስተር ብላ፣ ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትል አለችኝ። ለእናቷ መብራት ነው ያቃጠለው ብላ ነገረቻቸው።

አዴ ጫልቱ ምን አደረጉ? ሌላ ልብስ ሠርተው መጡ። የፊተኛው ስስ ነበር፣ አቧራ አስገብቶበት ይሆናል አሉ። ይኼኛው ድርብ ነው። መሬት ይደርሳል። በጎን በኩል ቁልፍ አለው፣ አንድ በአንድ ቆለፉት። እኔና ሌንሴ ተያየን። ፍሪጁ ውስጥ ሆኖ ሲያቃስት የሰማሁት መሰለኝ። እስኪሄዱ ድረስ ቁጭ ብድግ ስል ዋልኩ፤ ጎኑን በእጄ እየዳበስኩ። አዴ ጫልቱ ዳንቴሉን የምዳብስ መስሏቸው "ለስላሳ ነው አይደል?" ይሉኛል። ከዚያ በኋላ ኑሯችን ሌላ ሆነ። ከጉደር ተሳፈሩ ሲባል ፍሪጁን እናለብሳለን፣ ከሄዱ እናወልቃለን። አንድ ቀን ሳይናገሩ መጥተው በሩን ሲያንኳኩ በጥድፊያ ቁልፉን አዛንፈን ቆለፍነው። አይተው ራሳቸው ፈትተው በደንብ ቆለፉት።

በዚህ ብቻ ቢያልቅ ምን ነበረበት? አንድ ቅዳሜ ደወሉ። የተረፈ ክር አለኝ፣ ለራሴም ፍሪጅ ልብስ ጀምሬለታለሁ አሉ። ዕድሜውን ሙሉ ራቁቱን ኖረ፣ አሳዘነኝ አሉ።

ሌንሴ ስልኩን ይዛ ደርቃ ቀረች። የአባቷ ፍሪጅ ነው! የሠሪ እጅ የማያውቀው፣ ከኦቦ ዲንሳ የቀራቸው ማስታወሻ። እሱ በሱፍ ታፍኖ ከሞተ አዴ ጫልቱ አብረው ነው የሚሞቱት። አንተ ንገራቸው አለችኝ። ለምን እኔ አልኳት። እኔ ከነገርኳቸው አፍሬ እሞታለሁ፣ አንቺ ልጄ ሳለሽ ታፌዢብኛለሽ ይሉኛል አለች። እኔስ? እኔ ደግሞ ተመልሼ የሌንሴ ባል ልሆን ነው። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩና ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

አዴ ጫልቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይሠራሉ። ቀይና ነጭ ክር ጭናቸው ላይ። ምሳ አቀረቡልኝ። ስለ ዝናቡ አወራሁ፣ ስለ ጤፉ አወራሁ፣ ስለ አምቦ መንገድ አወራሁ። እሳቸው ቀና ሳይሉ ይሠራሉ። በመጨረሻ ተናገርኩት። አዴ፣ ይኼ ልብስ ፍሪጁን ያፍነዋል፤ የኔንም ያቃጠለው እሱ ነው፤ ይቅር በሉኝ፣ የአባታችን ፍሪጅ ይቅር አልኳቸው።

"ቶላሳ እኮ በዚያው ቀን ነግሮኛል" አሉ።

ከወንበሬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ታዲያ ሁለተኛውን ለምን ሠሩት? እስከ መቼ እንደምትችል ልይ ብዬ ነው አሉ። ለዚያ ድርብ፣ ለዚያ ቁልፍ፣ ለዚያ ሁሉ ድካም? አዎ፤ ስሜን ሸሽጎ ከኪሱ የከፈለ ልጅ አንጀቱ ምን ያህል እንደሆነ ማየት ፈለግሁ አሉ። ከዚያ ተነስተው ና አሉኝ። ወደ ወጥ ቤቱ የምንሄድ መስሎኝ ነበር። ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ዶሮዎቹን እሽ ብለው አባረው የዛገውን ሣጥን በእግራቸው ነካ አደረጉት። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ትከሻው ክብ ነው። የበር ማጠፊያ አለው።

"ይኼ የመጀመሪያው ነው" አሉ።

ለካ ፍሪጁ ሁለት ነበር! ኦቦ ዲንሳ መጀመሪያ ይኼንን ከሌላ ፈረንጅ ገዝተው አመጡ። የኦቦ ዲንሳ እናት፣ የአዴ ጫልቱ አማት፣ ብርቅ ሆኖባቸው ከአናቱ እስከ እግሩ ቡልኮ ደረቡለት። ብዙም አልቆየም፣ ሞተ። ያጭበረበረን ፈረንጁ ነው ተባለ። አዴ ጫልቱ ጠርጥረው ነበር፣ ግን አማት ናቸው፣ ምን ይበሉ? ዋጡት፤ ቶላሳ እስኪነግራቸው ድረስም ጥርጣሬውን ረስተውት ነበር። ሁለተኛው ሲመጣ አማትየው አርፈው ነበር፣ ቤቱ ልጅ በልጅ ሆኖ ክርም ጊዜም አልነበረም፣ ፍሪጁ ወጥ ቤት ተወርውሮ ቀረ። እንዲያ ሆኖ ኖረ። እኔ በሚኒባስና በለቅሶ ቤት የሰበክሁለት የድሮ ብረት! እኩሉ ዶሮ ሲያሳድር፣ እኩሉ ማንም ዞር ብሎ ስላላየው ተርፎ! ስንት ሰው አሳስቻለሁ መሰላችሁ።

ተመልሰን በረንዳ ተቀመጥን። አዴ ጫልቱ ኪሮሻቸውን አነሱ። ያ ቀይና ነጭ ክር አሁንም እየረዘመ ነው። ፈራሁ። ታዲያ ይኼኛው የማን ነው አልኳቸው። አንስተው ወደ ደረቴ አስጠጉና ለኩት። እጅጌ አለው።

"ያንተ ነው። አንተ ብትሞቅ ግድ የለም፣ ኢልማ ኮ" አሉኝ።

ይኸው ለብሼው ነው የምጽፍላችሁ። ፍሪጁ ፊት ለፊቴ ራቁቱን ቆሞ ያጓራል። ሹራቡ ድርብ ነው፣ ገበርም አለው፣ እስከ አንገት ይቆለፋል፣ ውጭው ደግሞ የአምቦ የካቲት ፀሐይ ነው። አዴ ጫልቱ ከጉደር ተሳፍረዋልና ማውለቅ አልችልም። ጎኔን ብትዳብሱኝ ግን እጃችሁን ነበር የምታነሱት።